ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያነሰ ደም

ሩዋንዳ ሰፈር የኖረ ሰው አንድ ልማድ አለው። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የጀመረውን ወሬ ያቋርጥና እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ይገርመዋል። እኛ ግን ማቋረጣችንም አይታወቀንም።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት አውሮፕላኑ አልፎም ግቢያችን ውስጥ ወሬውን የቀጠለ ሰው አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ነበር። ፊንጢጣው ሳይከፈት ነው የተወለደው። መጀመሪያ የሄዱበት ክሊኒክ "እኛ ጋ ለዚህ ዕድሜ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው የለም" ብሎ መለሳቸው። ተሯሩጠው አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ደረሱ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች በሆዱ በኩል ጊዜያዊ መውጫ ካልተሠራለት አንጀቱ ተወጥሮ ሊፈነዳ እንደሚችል አስረድተው አባቱን አስፈረሙት። ልጁ 2.8 ኪሎ ነው። ስም እንኳን ገና አልወጣለትም።

አያቱ (ግቢው በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው) መቁጠሪያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ክርስትና ሳይነሳ አንድ ነገር ቢሆንስ የሚለው ጭንቀት አንድ ነገር ነው፤ ለሱ እንኳን ለሞት ካሰጋ ካህን ቀድሞ ሊያጠምቀው እንደሚችል ጎረቤት ነግሮ አረጋጋቸው። ቢላዋውንም ብዙ አልፈሩትም። "ቢላዋውስ ይሁን፤ ሐኪም ያውቅበታል። እኔን የጨነቀኝ ማደንዘዣው ነው። ትናንት የተወለደ ልጅ አስተኝተውት እንዴት ብሎ ነው የሚነቃው?" አሉ።

እኔ እንግዲህ ዲግሪ የጫንኩ ዘመናዊ ነኝና "እማማ፣ አሁን እኮ ሕክምናው ሠልጥኗል፤ አይጨነቁ" አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን በራሴ አፈርኩ። እማማ የጠየቁት የሕክምናው ዓለም ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቀው የኖረውን ጥያቄ ነው። መልሱም የተገኘው በብዙ ሕፃናት ሞት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት እስቲ ልጁን እንመዝነው።

ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 80 ወይም 85 ሚሊ ሊትር ደም አለው። የጎረቤታችን ልጅ ደሙ ሁሉ ቢጠራቀም 240 ሚሊ ሊትር ቢሞላ ነው። ከየሱቁ የምንገዛት ባለ ጠርሙስ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። እንግዲህ አስቡት። ለአዋቂ "ትንሽ ደማ" ተብሎ የሚታለፈው፣ አንድ የቡና ስኒ የሚሞላው ደም፣ ለእርሱ ሩቡን ማጣት ነው። ሐኪሞቹ በፋሻ የተጠረገውን ደም ሳይቀር የሚመዝኑት ወደው አይደለም።

ኦክስጅን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጨቅላ ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ ሰው እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ የሚያጠራቅምበት ቦታ ግን የለውም። አዋቂ ሰው ኦክስጅን ጠግቦ ከተኛ በኋላ ትንፋሹ ቢቆም ባለሙያው የሚሠራባቸው ደቂቃዎች አሉት። ጨቅላ ላይ የሚቆጠረው ሴኮንድ ነው። ምላሱ ለአፉ ትልቅ፣ ጭንቅላቱ ለአንገቱ ትልቅ፣ ማንቁርቱም ከአዋቂው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ መተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ማየት ራሱ ትግል ነው። የሚገባው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር፤ ማለትም ከስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ካለችው የቀለም ቱቦ ብዙም አይበልጥም። የአየር ቧንቧው ደግሞ ለሁለት እስከሚከፈልበት ድረስ ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቱቦው ትንሽ አለፍ ብሎ ቢገባ አንዱን ሳንባ ብቻ ይነፋል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ጭራሽ ይወጣል። የሕፃኑን አንገት ማቃናት ብቻ ይበቃዋል ለዚህ።

አዋቂ ኦክስጅን ሲያጣ ልቡ መጀመሪያ ይሮጣል። የጨቅላው ልብ፣ በደህናው ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 የሚመታው፣ ኦክስጅን ሲያጣ ይዘገያል። ከዘገየ ደግሞ ደም መርጨቱ አብሮ ይወድቃል። ብርድን በመንቀጥቀጥ መከላከል አይችልም፤ ትከሻና ጀርባው አካባቢ ያለችውን ቡናማ ስብ አንድዶ ነው የሚሞቀው፤ ማደንዘዣው ያችንም ያዳፍናታል። ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ጉበቱና ኩላሊቱ መድኃኒቱን ለማስወገድ ገና አልበሰሉም፤ ስለዚህ ለአዋቂ በሰዓታት የሚያልቀው መድኃኒት እርሱ ውስጥ ሊሰነብት ይችላል።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ነን። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚህ የምንተነፍሰው አየር የኦክስጅን ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የቦስተንና የሊቨርፑል ሰዎች የጻፏቸው የማደንዘዣ መጻሕፍት የተጻፉት ባሕር ጠርዝ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ማደንዘዣ ሲፈጠር ስለ ሕፃን ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊሊያም ሞርተን ቦስተን ላይ በሕዝብ ፊት ኤተር አሽትቶ ሰው አስተኛ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ከእርሱ አራት ዓመት ቀድሞ ግን ክሮፎርድ ሎንግ የሚባል የአሜሪካ የገጠር ሐኪም ጆርጂያ ውስጥ በዝምታ ይጠቀምበት ነበር። ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1842 ካስተኛቸው አንዱ የእግር ጣቱ የተቆረጠለት፣ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው፣ በባርነት የተያዘ ጥቁር ልጅ ነው። የሕፃናት ማደንዘዣ ታሪክ የሚጀምረው እሱ ላይ ነው። ሎንግ በጽሑፉ የባለቤቱን እንጂ የልጁን ስም አላኖረልንም።

ለንደን ላይ ጆን ስኖው መጣ። የኮሌራ ካርታውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ንግሥት ቪክቶሪያን በወሊድ ጊዜ ክሎሮፎርም ያሸተተውም እሱ ነው። ስኖው አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ጨምሮ በመቶ ለሚቆጠሩ ሕፃናት ክሎሮፎርም ሰጥቷል። ያስተዋለውም ነገር እስከ ዛሬ እውነት ነው፤ ሕፃናት ትንፋሻቸው ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ይተኛሉ፣ ቶሎም ይነቃሉ። ቶሎ መተኛት ግን ቶሎ መብዛትም ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1848 ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት እንግሊዛዊት የእግር ጥፍሯን ልታስወልቅ ገብታ ክሎሮፎርሙ ገደላት። በማደንዘዣ ሞተች ተብላ ስሟ በሰፊው የተመዘገበ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነች። ጥፍር ለማስወለቅ!

ከዚያ በኋላ ላለው መቶ ዓመት ገደማ ለጨቅላው ብዙ የተለወጠለት ነገር የለም። ወይ ፊቱ ላይ ጨርቅ አድርጎ ኤተር ማንጠባጠብ፣ ወይ የሚቆረጠውን ቦታ ብቻ ማደንዘዝ፣ ወይ ስኳርና ብራንዲ የነካ ጨርቅ አጥብቶ ይዞ መቁረጥ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሳይታሰብ ወደ እኛ ቤት ይገባል። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ እንግሊዝ ተሰደደ። ልዕልት ፀሐይ ያኔ 16 ዓመታቸው ነው። በስደት ቤት ተቀምጠው ከማልቀስ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገቡና የሕፃናት ነርስነት ተማሩ። ልዕልት ናቸውና ሻይ ሲጠጡ ዋሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ፈቃድ ያላቸው የሕፃናት ነርስ ሆነዋል፤ ቀጥሎም ጋይስ ሆስፒታል ሠልጥነዋል።

ያን ጊዜ በዚያው ሆስፒታል ዴኒስ ብራውን የሚባል አውስትራሊያዊ ቀዶ ሐኪም ይሠራ ነበር። ሥራውን ሁሉ ለሕፃናት ብቻ የሰጠ፣ "ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም" ከሚሉት ግንባር ቀደሙ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው የብሪታንያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ልዕልቲቱ የተማሩት እንግዲህ ይህ ሐሳብ በሚፈላበት ቤት ውስጥ ነው።

ከነፃነት በኋላ አገራቸው ተመለሱ፤ አቢይ አበበን አግብተው ነቀምት ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ነቀምት ላይ አረፉ። 22 ዓመታቸው ነበር፤ ሕፃኑም አልተረፈም። የሕፃናት ነርስ የሆኑት ልዕልት ከነልጃቸው የሞቱት የአገሬው እናት ሁሉ በምትሞትበት ሞት ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስባ እ.ኤ.አ. በ1951 በስማቸው የተከፈተው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ከአያት የሚነሳው የከተማ ባቡር መጨረሻ ጣቢያው እዚያው ሰፈር ነው። ስንቶቻችን ነን "ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች!" ሲባል ስለ ልዕልቷ ያሰብን?

ልዕልቷ ለንደን እያሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ኒውካስል የሚባል ከተማ ውስጥ የጨቅላውን ዕድል የለወጠች አንዲት ቁራጭ ብረት ተሠራች። የሠራት ፊሊፕ ኤር ይባላል። ኤር ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሰው ነው። ንግግሩ ይቸግረው ነበር። ሥራው ደግሞ፣ አጋጣሚውን እዩልኝ፣ ልክ እንደሱ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትን ማስተኛት።

ችግሩ ይህ ነው። የዘመኑ የማደንዘዣ መሣሪያ የተሠራው ለአዋቂ ነው። ረጅም ቱቦና የሚከፈት የሚዘጋ ክዳን አለው። ጨቅላው ያንን ክዳን ገፍቶ የሚከፍትበት ጉልበት የለውም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል፤ ቀስ በቀስ ይዝላል። ኤር ክዳኑን ጭራሽ አወጣው። ሦስት አፍ ያላት ቱቦ ሠራ፤ በአንዱ ንጹሕ ጋዝ ይገባል፣ አንዱ ከሕፃኑ ጋር ይያያዛል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ክፍት ነው። በቃ። የሚበላሽ የሚጣበቅ ነገር የላትም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ "ይቺንማ እኔም አስባት ነበር" እላለሁ፤ ግን 90 ዓመት ማንም አላሰባትም።

እ.ኤ.አ. በ1950 ሊቨርፑል ውስጥ ጎርደን ጃክሰን ሪስ በዚያ ክፍት አፍ ላይ ትንሽ ከረጢት ጨመረበት። ከረጢቱ ጭራው ክፍት ነው፤ ባለሙያው በጣቱ እየያዘ እየለቀቀ ሕፃኑን ያስተነፍሰዋል። ጥቅሙ አየር መግፋቱ ብቻ አይደለም። ሳንባው ሲጠነክር፣ ቱቦው ሲታጠፍ፣ አክታ ሲዘጋው እጅ ላይ ይታወቃል። በየሆስፒታሎቻችን ሕፃን ሲተኛ ያያችሁ ካላችሁ፣ ባለሙያዋ በመዳፏ ይዛ የምትጨብጣት ያቺ ትንሽ ከረጢት ከሰባ ዓመት በኋላም የሪስ ከረጢት ነች። መብራት ቢጠፋ አትቆምም፤ እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚህ መሀል አሜሪካም ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1938 ሮበርት ግሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም፣ አለቃው ዕረፍት በወጣበት፣ የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ልብ አጠገብ ያለ ያልተዘጋ የደም ቧንቧ ቋጠረ። ልጅቷ ዳነች፤ ግሮስም ታላቅ ሰው ሆነ። ልጅቷን ያስተኛቻት ማን ነች? ቤቲ ላንክ የምትባል ነርስ። ዶክተር ሳትሆን ነርስ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው፤ ጥቂት ታገሡኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካሜሮን ሄይት ጉሮሮዋ ከሆዷ ሳይገናኝ የተወለደችን ሕፃን ሁለቱን ጫፍ በአንድ ኦፕራሲዮን አገናኝቶ አዳነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ የተወለደ ልጅ በአብዛኛው ይሞት ነበር።

እዚህ ድረስ ያለው ጥሩ ሰዎች የሠሩት ጥሩ ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ተነስቻለሁ።

የሊቨርፑሉ መንገድ ሕፃኑን በናይትረስ ኦክሳይድ (የሚያስቅ ጋዝ የሚባለው) እያስተኙ በኩራሬ ጡንቻውን ማዝለልና ማስተንፈስ ነበር። ሲሠራ ይሠራል። ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ከዚህ ተነስተው አደገኛ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ጨቅላ ሕፃን ነርቮቹ ገና ሽፋን ስላልለበሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቢሰማውም አያስታውሰውም፤ ማደንዘዣ ደግሞ ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ ጡንቻውን ብቻ አዝልለን እንሥራ አሉ። ይህ ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ከፍርሃትም የመጣ ነው። የፈሩት ደግሞ እማማ የፈሩትን ነው። ውጤቱ ግን መንቀሳቀስም መጮኽም የማይችል ሕፃን እየተሰማው መቆረጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ጄፍሪ ሎውሰን የሚባል ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን እንዲሁ ጡንቻውን ብቻ የሚያዝል መድኃኒት ተሰጥቶት ደረቱ ተከፈተ። ከሳምንታት በኋላ ሞተ። እናቱ ጂል ሎውሰን መዝገቡን አገላብጣ እውነቱን ስታውቅ ዝም አላለችም፤ ለጋዜጣ ተናገረች፣ አገር አወቀው። በተመሳሳይ ጊዜ ኦክስፎርድ ውስጥ ካንዋልጂት አናንድ የሚባል ወጣት ሕንዳዊ ሐኪም አንድ ነገር ከንክኖት ነበር። ደህና ሆነው ወደ ኦፕራሲዮን የሄዱ ጨቅላዎች ሲመለሱ ለምን ገርጥተውና ተዳክመው ይመጣሉ? ያለ ቀናቸው የተወለዱ 16 ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን በተለመደው መንገድ፣ ሌላውን ፈንታኒል የተባለው የሕመም መድኃኒት ተጨምሮለት አስጠናው። ፈንታኒል ያገኙት የሰውነታቸው መታወክ በጣም ያነሰ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የገጠማቸውም ችግር የቀለለ ሆነ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጨቅላም እንደ ሌላው ሰው ማደንዘዣ ይገባዋል ብሎ አወጀ።

1987! ማይክል ጃክሰን "ባድ"ን ባወጣበት ዓመት ማለት ነው። ይህን የሚያነቡ አንዳንዶቻችሁ ተወልዳችኋል።

ደግሞ ፈረንጅ ላይ ብቻ ጣት አንቀስር። በስምንተኛ ቀኑ በምላጭ የሚገረዘው ወንድ ልጅ ምን ተሰጥቶት ነው? እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት እያልን ስንቱን ሕፃን ነው የያዝነው? "ልጅ ነው፣ ይረሳዋል" የምትለዋ ቃል የኦክስፎርድም የጎጃምም ነበረች።

አሁን ወደ ከፍታችን ልመለስ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚያስተኛው በግፊቱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በመሣሪያው ላይ 70 በመቶ የሚለው ጋዝ ባሕር ዳር ያለውን 50 ምናምን በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። የሊቨርፑልን መጽሐፍ እንዳለ የገለበጠ ሰው እዚህ ሕፃኑን ከሊቨርፑሉም ባነሰ እንቅልፍ ነው የሚያቆየው።

ኦክስጅንም የራሱ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን በኦክስጅን ማጥለቅለቅ እንደ ደግነት ይታይ ነበር። ወደ 10,000 የሚሆኑ ሕፃናት ዓይነ ስውር ከሆኑ በኋላ ነው ጥፋተኛው ኦክስጅኑ መሆኑ የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1950 ያለ ቀኑ የተወለደው ስቲቪ ዎንደር አንዱ ነው። ሲያንስ ይገድላል፣ ሲበዛ ያሳውራል፤ ታዲያ ልኩን በምን ማወቅ ይቻላል? ለረጅም ጊዜ መልሱ የከንፈርን ቀለም ማየት ነበር። ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ሐሳብ፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ጣታችን ላይ ቆንጥጠን የተዋወቅነው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ይህን ግምት በቁጥር ተካው። ከዚያ በኋላ ለሀብታም አገር ሁሉ ጨዋታው ተለወጠ። ለድሃው ግን ዋጋው አልቀመስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት መነሻው ይህን መሣሪያ በርካሽ ለማዳረስ ነው፤ ኢትዮጵያም ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ነች።

እኛ አገርስ? ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና በሰፊው የታየው ከዓድዋ በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኛ ሊያክም ሲመጣ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቅደላ በሕፃንነቱ ተወስዶ ሐኪም የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን ረገጠ። ያኔ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ቁስለኛ ወታደር እንጂ አራስ ልጅ አይደለም። ሳይሟሟቅ የሞተ ሕፃን "እግዜር ወሰደው" ተብሎ ነው የሚታለፈው። የሕክምና ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ፤ ጥቁር አንበሳ መጣ፤ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችም በጣት እየተቆጠሩ ወጡ።

የማደንዘዣውን ሸክም የተሸከመው ግን ዶክተሩ አይደለም። በየዞኑ፣ በየወረዳው ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማን በመሳሰሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ አኔስቴቲስቶች፣ ናቸው ሰው የሚያስተኙት። ስፔሻሊስት ሐኪሙ በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያለው። ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴ፣ ዶክተር ሳይሆን?" ይላል። ለዚህ ነው ቤቲ ላንክን ያነሳሁት። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ ቤተሰብ ዳቦ ደፍቶ ይሄድለታል። ሕፃኑን ሦስት ሰዓት ሙሉ በመዳፏ ስታስተነፍስ የዋለችውን ስሟን የሚጠይቅ የለም።

ያለ ነገር ደግሞ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ጉሮሮና አንጀታቸው ተበላሽቶ ከተወለዱና ሆስፒታል ከደረሱ ሕፃናት ውስጥ በሀብታም አገር የሚሞቱት 5.6 በመቶ ሲሆኑ በድሃ አገር 39.8 በመቶ ናቸው። ያው በሽታ፣ ያው ቢላዋ። ልዩነቱ ቀድሞ መድረሱ፣ ማሞቂያው፣ ኦክስጅኑ፣ የሠለጠነው እጅና ከዚያ በኋላ የሚተኛበት ክፍል ነው። ጤና ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ የጀመረው የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ደኅንነት ፕሮግራም፣ በ2016 የወጣው የኦክስጅን ዕቅድም የመጡት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

እኛ ላይ የሚብስም አለ። በኢትዮጵያ ከ10,000 ወሊድ በ60 ገደማው ላይ የጀርባ አጥንት ወይም የራስ ቅል ሳይገጥም ይቀራል፤ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ከእነዚህ በሕይወት የተወለዱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀርባቸው መዘጋት አለበት። ለማስተኛት ግን ሕፃኑ በጀርባው መተኛት አለበት፤ ቁስሉ ያለው ደግሞ ጀርባው ላይ ነው! ባለሙያዎቹ ጨርቅ እንደ ማቶት ጠቅልለው፣ ቁስሉ መሀሉ ባዶ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ያስተኙታል። እናቶቻችን እንስራ የሚያስቀምጡበት ዘዴ እኮ ነው።

ያን ዕለት ማታ ስልኩ የጠራው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። አባትየው "ወጥቷል፤ እያለቀሰ ነው" ብሎ ራሱም አለቀሰ። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። በማግስቱ እንደነገረን፣ ያስተኛችው ወጣት ልጅ ከክፍሉ ስትወጣ ላብ በላብ ሆና ነበር። ክፍሉን ለሕፃኑ ብላ እንደ አዋሽ አሙቃዋለች። "ሲያለቅስ ሰማችሁት? ስጠብቅ የነበረው እሱን ነው" አለቻቸው።

እማማ ግን ጥያቄ አልጨረሱም። "አእምሮውንስ አይነካውም?" አሉኝ። በዚህ ጊዜ አንብቤ ነው የመለስኩት። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ረጅም ወይም ተደጋጋሚ ማደንዘዣ የአእምሮ ዕድገት ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች የተኙ ሕፃናት አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ እንዳልተለዩ አሳይቷል። "እንግዲህ አያስረዝሙበት" አሉ እማማ።

የዚህ ልጅ ሕክምና ግን ሦስት ጊዜ መተኛትን ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ትክክለኛውን መውጫ የሚሠራው፣ አልቤርቶ ፔኛ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ሜክሲኮ (አደባባዩ ሳይሆን አገሩ) የጀመረው ኦፕራሲዮን ነው፤ እሱንም በደህና አልፏል። አሁን የቀረው የሆዱን መውጫ መዝጋት ነው፤ ቀጠሮ እየተጠበቀ ነው። ስሙ ወጥቷል፣ ክርስትናውም ተነስቷል፣ በረንዳው ላይ እየዳኸ ስኒ ይገለብጣል። ከሆስፒታል በተደወለ ቁጥር እማማ ቀኑንም ሐኪሙንም አይጠይቁም። "ያችው ልጅ ናት የምታስተኛው?" ነው የሚሉት።